ለእትዬ ሳህሊቱ የተነፋ ጡሩንባ

እኛ ሰፈር ሰው መሞት ትቷል። ቀልድ አይደለም፤ ከሥራዬ ተነስቼ ነው የምናገረው። ጭሮ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ ዳገቱ ላይ በተሰቀለው ሰፈራችን የእድር ጡሩንባ ስነፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስሜ ገብረጻድቅ ነው። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት፣ ጉልበቴ የዘጠና፣ ሳምባዬ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ። ሳምባውን ያገኘሁት ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ስሠራ ነው፤ ከባቡር ጋር እየተጯጯህኩ ነው ያረጀሁት።

ሥራውን ስጀምር በወር ሦስት አራት ጊዜ እነፋ ነበር። ለወላድ ነፍቻለሁ፣ ለሕፃን ነፍቻለሁ፣ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ለተመለሰ ነጋዴ ነፍቻለሁ። የስልሳ ዓመት ሰው ሲሞት “ጠግቦ ኖረ” ይባልለት ነበር። ዛሬ ጡሩንባዬ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ከግድግዳ ሳይወርድ ይከርማል። ሲወርድም ለሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ነው። በቀደም ሬድዮኑ በዓለም ዙሪያ አረጋዊ እየበዛ መሆኑን፣ ገና ወደፊት ደግሞ እጥፍ እንደሚሆን በትልቅ ዜና ሲያወራ ሳቅሁበት። እኛ ጋ ቀድሞ ደርሷል ወንድሜ! ና ዳገቱን ውጣና ቁጠረን!

እሰይ ነው። በእውነት እሰይ ነው። እኔ ነኝ የሕፃናቱን ጡሩንባ የነፋሁት፣ ስለዚህ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ችግሩ ሌላ ነው። እኛ ቆየን፣ ልጆቻችን ግን አልቆዩም። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዷ ጅዳ። ቀባሪና ሟች እኩያ ሆነው ቀሩ። አምና አንድ ሽማግሌ ስንሸኝ ከተሸካሚዎቹ ታናሹ የስልሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አምስት ጊዜ አርፈናል፤ በአራተኛው ላይ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ራሱ ሬሳው አጠገብ ተጋደመ።

የእድራችን ሊቀ መንበር ደረጀ ይባላል። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ጡረታ የወጣው ግን ከደመወዙ እንጂ ከዳይሬክተርነቱ አይደለም። ዛሬም ሲናገር አንድ እጁን ከኋላው አድርጎ ነው። መተዳደሪያ ደንባችንን በቃሉ ይወጣዋል፤ ከሁሉም ደግሞ አንቀጽ አሥራ አራትን ይወዳታል። “ከሞት በቀር በማናቸውም ምክንያት የእድሩን ጡሩንባ የነፋ ከእድሩ ይሰረዛል።” ከእኔ በፊት የነበረው ለፋፊ አንድ ቀን ሠርግ ላይ ጠጥቶ ነፋና ሰፈሩን በሙሉ በለቅሶ አናወጠው፤ ደንቡ ከዚያ በኋላ ወጣ። ደንቡን ስናጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

መሰረዝ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ሚስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጄ ባሕር ማዶ ነው። ከእድር ከተሰረዝኩ እኔ ስሞት ድንኳን የሚተክል፣ ቃሬዛ የሚያነሳ፣ “ገብሬ ደግ ሰው ነበር” ብሎ የሚዋሽልኝ ሰው የለም። “ቀባሪ አታሳጣኝ” እያለ ሲጸልይ ላረጀ ሰው ይህ ከሞት ይከፋል።

እንግዲህ የነሐሴውን ነገር ልንገራችሁ።

ከአጥሬ ቀጥሎ እትዬ ሳህሊቱ ይኖራሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጉልበታቸው ጊዜ አሰቦት ገዳም ለመሳለም ቆላውን በእግራቸው የሚያቋርጡ ሴት ነበሩ። አሁን ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸውን ውኃ በተሞላ ገንቦ አንገት ላይ አንጠልጥለው እያቀዘቀዙ፣ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይወጋሉ። ሴት ልጃቸው ጅዳ ናት። ሰው የሚያዩት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በተረፈ ያለነው እኔና አጥሩ ነን፤ በአጥሩ ላይ ሆነው ይሰድቡኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ በዚህ ተዋደን እንኖራለን።

ፍልሰታ ገባች። ሐኪሙ “መርፌ ከወጉ መብላት አለብዎት” ብሏቸዋል። ንስሐ አባታቸውም “ልጄ፣ የታመመ አይጾምም፣ ብዪ” ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ለሁለቱም “እሺ” ብለው፣ መርፌውንም ወግተው፣ ጾሙንም ጾመው፣ ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱም። “ለሐኪሙም ለእግዜሩም ታዘዝኩ” ይላሉ። እንዲህ ያለ ታዛዥነት የትም አታገኙም፤ እኛ ዘንድ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ሰፈሩ ጭር ብሏል። ክርስቲያኑ ቅዳሴ ነው። እኔ ጉልበቴ ሦስት ሰዓት ስለማያስቆመኝ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ዝናቡን አያለሁ። ድንገት ዓይኔ በአጥሩ በኩል እትዬ ሳህሊቱ ደጅ ላይ አረፈ። ነጠላቸውና መቋሚያቸው በሩ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። እሳቸው በፍልሰታ ቅዳሴ ሊቀሩ? ተጣራሁ። ስድብ እንኳ አልመለሱልኝም። ያኔ ነው ልቤ የደነገጠው።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ገብቼ ሳይ ከአልጋና ከበሩ መካከል ወድቀዋል። ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ያያል ግን አያየኝም። “እትዬ!” ብል ያጉረመርማሉ። የመርፌው ሽፋን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሞሰቡ እንደተከደነ ነው። ነገሩ ገባኝ። ስኳር በጥብጬ ከንፈራቸውን ባስነካ ጥርሳቸው ግጥም ብሏል፤ ባጠጣቸው ትን ይላቸዋል ብዬ ፈራሁ። “ብዙ አይቆዩም” አልኩ ለራሴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሞት ጋር የሠራ ሰው ሞት ከሩቅ ሲመጣ ኮቴውን ያውቃል።

ስልኬን አወጣሁ። አምቡላንሱ ወላድ ለማምጣት ወደ ገጠር ወጥቷል አሉኝ። ባጃጅ ደወልኩ፤ “አባባ፣ በዚህ ጭቃ ያንን ዳገት? አስፋልቱ ላይ አውርዱልኝ” አለኝ። ደረጀ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። የአንዱም የሌላውም ዝግ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ስልክ ማን ይከፍታል? በመጨረሻ በክሪ ጋ ደወልኩ። በክሪ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ጫት ነጋዴ፣ ቤቱ ከእኛ ዝቅ ብሎ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እሱ ቤት ተደርድሮ ይቅማል። እትዬ ሳህሊቱን በኦሮምኛ “ኧደዳ”፣ አክስቴ፣ ነው የሚላቸው።

“አባ ገብሬ! አሰላሙ ዓለይኩም!” አለኝ በደስታ።

“በክሪ፣ እትዬ ሳህሊቱ ወድቀዋል። ሰው ይዘህ ና!”

“አላህ ያሽራቸው! አሁን እንመጣለን አባ ገብሬ። አሁን፣ ወላሂ።”

በበርጫ ሰዓት “አሁን” ማለት ምን እንደሆነ ጭሮ የኖረ ያውቃል። ልጁ አልዋሸም። አንድ ቅጠል፣ አንድ ወሬ፣ አንድ ትንሽ ፍልስፍና፣ ከዚያ በኋላ ይነሳል። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ። የእትዬ ሳህሊቱ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ሄደ፤ ማጉረምረሙም ቆመ።

ያኔ ንዴት ያዘኝ። እንዲህ ያለ ንዴት ከባቡር ጣቢያ ወዲህ ይዞኝ አያውቅም። እኚህ ሴት ቢሞቱ፣ አልኩ፣ አንድ ጊዜ ብነፋ መቶ ሰው ጫማውን ሳያደርግ ይመጣል። ቅዳሴው ይመጣል፣ በርጫው ይመጣል፣ ደረጀ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። በሕይወት ስላሉ ግን ማንም አይመጣም! ታዲያ እስኪሞቱ ልጠብቅ?

ቤቴ ገብቼ ጡሩንባዬን ከግድግዳ አወረድኩ። አንቀጽ አሥራ አራት በዓይኔ ላይ ዞረ። ድንኳን የሌለው ለቅሶዬ፣ አፈር የሚያለብሰው ያጣ ሣጥኔ፣ ሁሉም ታየኝ። ከዚያ ደጅ ወጥቼ በዝናቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ረጅም ረጅሙን፣ ለሞት እንደሚነፋው አድርጌ ነፋሁት። የባቡር ጣቢያው ሳምባዬ በሙሉ ወጣ!

“እትዬ ሳህሊቱ!” አልኩ በጩኸት። “እትዬ ሳህሊቱ!” ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። መዋሸት አልፈለግሁም፤ ጡሩንባው የሚለውን ይበል።

አቤት! ተራራው ተንቀሳቀሰ ብላችሁ እመኑኝ። መጀመሪያ ከበክሪ ቤት ጉንጫቸው እንደተወጠረ ሃያ ጎረምሶች ተተፉ። መንገዳቸው ላይ ካለው የእድሩ ዕቃ ቤት ቃሬዛውን በትከሻቸው አንስተው በጭቃው ላይ ሽቅብ ይበራሉ። ከላይ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጪ የነበሩ ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን ለኀዘን ዘቅዝቀው፣ እየተንሸራተቱና እርስ በርስ እየተያያዙ ይወርዳሉ። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ነው። “እታለም! እታለም!” ይላሉ። በክሪ እፊቴ ደርሶ ጭንቅላቱን ያዘ።

“ኢና ሊላሂ! አሁን እንመጣለን አልኩዎት እኮ! አባ ገብሬ፣ ገደልኳቸው!”

“አልገደልክም፣ ገና ነው። ግባና አንሳቸው፤ አልሞቱም!”

ቤቱ ውስጥ የገባው ሕዝብ ቀጥ አለ። ሊያለቅስ አፉን የከፈተ ሁሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ደረጀ በሰዎች መካከል ተጋፍቶ ገባና ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

“ይተነፍሳሉ እኮ!” አለ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው።

“ይተነፍሳሉ! ለዚህ ነው የነፋሁት!”

“አቶ ገብረጻድቅ፣ አንቀጽ አሥራ አራት…”

“አንቀጽህን ኋላ ታነብልኛለህ። አሁን እግራቸውን ያዝ!”

ደረጀ በሕይወቱ እንዲህ ያዘዘው ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ያዘ።

በቃሬዛው ላይ አጋደምናቸው። ጎረምሶቹ አንስተው ቁልቁል ሮጡ። ምን እንደወጉ፣ መቼ እንደወጉ ለሐኪም የሚያስረዳ እኔ ስለሆንኩ “እኔንም ውሰዱኝ!” ብዬ ጮህኩ። በክሪ ቁጢጥ አለና አዘለኝ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጡሩንባ በእጄ ይዤ በሰው ጀርባ ላይ ዳገት ስወርድ አስቡኝ! ፊት ቃሬዛው፣ ከኋላ እኔ፣ ከእኔ ኋላ ነጠላው የተዘቀዘቀ ሽማግሌ ሁሉ።

“ፊጋ! ፊጋ!” ይላል በክሪ በኦሮምኛ፣ ሩጡ እያለ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቃሬዛ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አፉ ልማዱን ይዞ “ላ ኢላሃ ኢለላህ” ማለት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

“ዝም በሉ!” አለ በክሪ። “በሕይወት አሉ!”

“ታዲያ ምን እንበል?”

“ሩጥ! ምንም አትበል፣ ሩጥ!”

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ባለ ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቃሬዛውን ሲያይ ግን ሬሳ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። ባጃጁ ውስጥ ቃሬዛ አይገባም፤ ይህን አንዳችንም አላሰብንም። ሆስፒታሉ ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ጎረምሶቹ ጉልበታቸው አልቆ ያለከልካሉ። ልክ በዚህ ጊዜ ከሂርና በኩል የጫት አይሱዙ እየከነፈ መጣ።

የጫት አይሱዙን የማያውቅ የለም። ጫት እንዳይጠወልግ ነፋስ ሆኖ ነው የሚያልፈው፤ ለከብት አይቆምም፣ ለዝናብ አይቆምም። ለቃሬዛ ግን ቆመ። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ ስሙን ኋላ ሑዘይፋ እንደሚባል አወቅሁ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀብሩ እንዲያልፍ ጠበቀ።

በበክሪ ጀርባ ላይ እንደሆንኩ መስኮቱን በጡሩንባዬ አንኳኳሁ።

“ልጄ፣ ይህ ቀብር አይደለም! በሕይወት አሉ፣ ሆስፒታል አድርሰን!”

ሑዘይፋ ቃሬዛውን አየ፣ እኔን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አየ። “በሕይወት አሉ?” አለ። ከዚያ ዘሎ ወረደና የኋላውን ሸራ ቀደደው ማለት ይቻላል። “ጫኑ! ጫኑ! ጫቱ ላይ አድርጓቸው፣ ለስላሳ ነው!”

እትዬ ሳህሊቱ፣ ጫት እንደ ኃጢአት የሚጸየፉት እትዬ ሳህሊቱ፣ በአረንጓዴ የጫት እስር ላይ ተንጋለው ጭሮን አቋረጡ! እኔ ከጎናቸው፣ በክሪና ስድስት ጎረምሶች ዙሪያቸውን ደግፈው፣ ደረጀ ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ ደረቱን ነፍቶ። ገበያው ጋ ስንደርስ መንገዱ በፍየልና በሰው ተዘግቷል። ሑዘይፋ ክላክሱን ቢጫን ማን ሰምቶት! ያኔ ተነስቼ በጎረምሶቹ ትከሻ ተደግፌ ጡሩንባዬን ነፋሁት። ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ፍየሉም ሰውም ግራና ቀኝ ተከፈለ። ነፋሁ፣ ነፋሁ! እስከ ዛሬ ጡሩንባዬ ሰው ሲያስለቅስ ነው የኖረው፤ ያን ቀን ግን መንገድ ሲያስከፍት ዋለ። አልደብቃችሁም፣ እያለቀስኩ ነበር የነፋሁት፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እኔም አላውቀው።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ሩሐማ ትባላለች። ዝርዝሩን ሳትጠይቅ ጣታቸውን ወጋችና ስኳራቸውን ለካች።

“ሃያ ስምንት! በጣም ወርዷል!” አለች። “አባባ፣ ኢንሱሊን ወስደዋል?”

“ጠዋት ወግተዋል። ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ፍልሰታ ነው።”

ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ደም ሥራቸውን ፈልጋ ግሉኮሱን ሰጠቻቸው። እኛ በሩ ላይ ተደራርበን ቆምን። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ደረጀ እጄን ጨብጧል፤ እጄን መጨበጡን የሚያውቅም አይመስለኝ። በክሪ በለሆሳስ “ያ ረቢ፣ ያ ረቢ” ይላል። በአራተኛው ደቂቃ ላይ የእትዬ ሳህሊቱ ጣት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይናቸው ተከፈተ፤ የዚህ ጊዜ ያያል!

ጣሪያውን አዩ። ሩሐማን አዩ። ቀጥሎ ወደ በሩ ዞረው እኛን አዩን፦ ጭቃ የለበሱትን ጎረምሶች፣ የተዘቀዘቀውን የደረጀን ነጠላ፣ በእጄ ያለውን ጡሩንባ። ፊታቸው ተለወጠ።

“ውይ!” አሉ ደንግጠው። “ማን ሞቶብን ነው?”

አንዳችን አንዳችንን አየን። በመጨረሻ በክሪ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እርስዎ፣ ኧደዳ” አለ።

ሩሐማ የያዘችው ጓንት እስኪወድቅ ሳቀች። ጎረምሶቹ ተቃቀፉ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሑዘይፋ ጫቱ ጠወለገ አልጠወለገ ግድ ሳይሰጠው በር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። እትዬ ሳህሊቱ ብቻ አልሳቁም። የእጃቸውን ቱቦ እያዩ “ይሄ ነገር ጾም ይፈታል?” አሉ።

ሩሐማም እንደ መቆጣት እያደረጋት ተጠጋቻቸው። “ጾምዎን አይደለም፣ እርስዎን ነው ያተረፈው። ንስሐ አባትዎ ብዪ ብለዋል፣ እኛም ብለናል። ከዛሬ ጀምሮ መርፌና ቁርስ አብረው ነው የሚሄዱት፣ እሺ?”

“እሺ” አሉ። የዚህ ጊዜው “እሺ” እሺ መሆኑን ለማረጋገጥ እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ሆኜ ሲጎርሱ አያለሁ።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ እድሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፣ እኔ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ዙሪያዬን ሳይ መቋሚያ፣ ምርኩዝ፣ ወፍራም መነጽር፣ ጆሮውን በእጁ የሚያጥፍ ሽማግሌ። ደረጀ ተነሳ፤ አንድ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ አንቀጽ አሥራ አራትን አነበበ። ለቀባሪው አረዱት! ያችን አንቀጽ ካጸደቁት አንዱ እኔ አይደለሁም እንዴ?

“አቶ ገብረጻድቅ የሠሩት መልካም ነው” አለ። “ግን ደንብ ደንብ ነው። ዛሬ ለታመመ ከተነፋ ነገ ለጠፋ በግ ይነፋል። ከዚያ ወዲያ በጡሩንባው ማንም አይነሳም። ጥያቄዬ አንድ ነው። እትዬ ሳህሊቱ፣ ጡሩንባው ሲነፋ በሕይወት ነበሩ ወይስ አልነበሩም?”

ሁሉም ዞሮ አያቸው። እትዬ ሳህሊቱ ዋሽተው አያውቁም፤ ለእኔ ብለው ይዋሹልኛል ብዬም አልጠበቅሁ። እነሆ፣ አልኩ፣ ቀባሪዬ ሁሉ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ ሳየው ይህ የመጨረሻዬ ነው።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

“ሞቼ ነበር” አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ደረጀ ጠረጴዛውን መታ። “እትዬ! በቁም ነገር ነው የጠየቅሁት።”

“እኔም በቁም ነገር ነው የመለስኩት። ከሞትኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጄ ከሄደች ወዲህ ከእናንተ መካከል በሬን ያንኳኳ ካለ እጁን ያውጣ። ገብሬ ብቻ ነው፤ እሱም ሊሰድበኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወድቄ ነበር፤ ጡሩንባ ስላልተነፋ አላወቃችሁም። ያን ዕለት ተነፋ፣ መቶ ሰው ቤቴን ሞላው፣ ስሜን ጠርታችሁ አለቀሳችሁልኝ አሉ። እኔም ተሸካሚ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።” በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ። “እና ለሞተ ሰው ነው የነፋው። ደንቡን አላፈረሰም። የተነሳሁት ስለመጣችሁ ነው።”

ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ደረጀ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ “ይሰረዝ የምትሉ እጃችሁን አውጡ” አለ።

አንድም እጅ አልወጣም። እኔ ከመጨነቄ የተነሳ የራሴን እጅ ጉልበቶቼ መካከል ይዤው ነበር፣ ድንገት በልማድ እንዳይወጣ።

ጉባኤው ሲበተን ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻዬን መታኝ። ደረጀ ግን አልመጣም። ብቻዬን ወደ ቤቴ ስወጣ ከኋላዬ ደረሰብኝና አብረን ሄድን። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ቆመ። አራት ልጆች አሉት፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን ትዝ ብሎት አያውቅም፣ እኔም ጭምር።

“ገብሬ” አለኝ። አቶ ገብረጻድቅ አላለኝም። “ጠዋት በዚህ ስታልፍ በሬን አንኳኳ።”

“ለምን?”

“አለሁ እልሃለሁ። አለሁ ካላልኩህ…” እጁን ከኋላው አምጥቶ የበሩን መዝጊያ ያዘ። “ካላልኩህ ሞቼ እንደሆነ አታጣራ። ንፋው።”

በማግሥቱ ማለዳ አንኳኳሁ። “አለሁ!” አለ ከውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው ተቆጥቶ። በሳምንቱ ሌላ ጎረቤት “እኔንም” አለኝ፣ ከዚያ ሦስተኛው። ዛሬ ዘጠኝ በር አንኳኳለሁ፤ ለጉልበቴ ከመድኃኒቱ ይልቅ ይህ መራመድ ሳይበጀው አልቀረም። “አለሁ!” “አለን!” “አለሁ፣ ሂድ አትጨቅጭቀኝ!” እያሉኝ ዳገቱን እወርዳለሁ። ለእኔ ግን የሚያንኳኳልኝ ማን ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ብርድ ይዞኝ አልጋዬ ላይ አረፈድኩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የአጥሩ ቆርቆሮ በመቋሚያ ተደበደበ።

“ገብሬ! አንተ ገብሬ! አለህ?”

“አለሁ፣ እትዬ” አልኩ።